ለደጅ ጥብስ የትኛው ምድጃ ይሻላል?

ምድጃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቤት ውስጥ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ምድጃ ከቤት የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሠርግ፣ በማኅበር፣ በሽርሽር፣ በትምህርት ቤት በዓል ቀን ምግብ ደጅ ይበስላል። በእነዚህ ቀናት የምግቡ ጣዕም፣ የወጪው ልክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአብሳዮቹ ደኅንነት በአብዛኛው የሚወሰነው አስቀድሞ በተመረጠው ምድጃ ነው። ሆኖም አብዛኞቻችን ለሥጋው ምርጫ የምንሰጠውን ጊዜ ሩብ ያህሉን እንኳ ለምድጃው አንሰጥም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተገዛ ምድጃ በሥራ ሰዓት ያሳፍራል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ቡድኖች በትምህርት ቤታቸው ሜዳ የጥብስ ውድድር ሊያደርጉ ተስማሙ እንበል። እያንዳንዱ ቡድን በሰው እጅ ሊጓጓዝ የሚችል አንድ ምድጃ ይዞ እንዲቀርብ ተወስኗል። ለምርጫ የሚቀርቡላቸው አራት ዓይነት ምድጃዎች ናቸው፤ እነርሱም ተራው የቆርቆሮ የከሰል ምድጃ፣ ውስጡ በሸክላ የተለበጠው የከሰል ምድጃ፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራው ባለክር ምድጃ እና በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራው ምድጃ ናቸው። ከእነዚህ መካከል የትኛውን ይምረጡ? በእኔ አስተያየት ለጥብስ ውድድር ተስማሚው በሸክላ የተለበጠው ነው። ምክንያቶቼንም ቀጥዬ አስረዳለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት የጥብስ ጠባይ ነው። ወጥና ጥብስ ከእሳት የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለም። ወጥ ሙቀቱን የሚቀበለው በድስቱ በኩል ስለሆነ፣ ከድስቱ በታች ያለው ነበልባል ቢሆን ፍም ብዙም ለውጥ አያመጣም። በሽቦ ላይ የሚጠበስ ሥጋ ግን ከእሳቱ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። የጋለ ፍም ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሥጋው ስለሚልክ ገጹ በእኩል ይጠበሳል። ነበልባል በአንጻሩ ውጩን አሳርሮ ውስጡን ጥሬ ይተዋል። የነጭ ጋዝ ምድጃ ከዚህም በላይ ሽታውንና ጥላሸቱን በሥጋው ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

የጥብስ ውድድር በሰፊው በሚካሄድባት በአሜሪካ ያለውን ልማድ መመልከት ይጠቅማል። መቀመጫው በካንሳስ ሲቲ አካባቢ የሆነው የባርበኪው ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙት እንጨት፣ ተጨምቆ የተዘጋጀ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ከሰል ብቻ ነው፤ በጋዝና በኤሌክትሪክ ማብሰል አይፈቀድም። ዳኞችም የምግቡን መልክ፣ ጣዕምና ልስላሴ መዝነው ነጥብ ይሰጣሉ እንጂ፣ ሥጋው በየትኛው ምድጃ እንደ ተጠበሰ አይነገራቸውም። ከዚህ የምንረዳው፣ የምድጃው ትልቅነት ወይም የሚያብረቀርቅ ቀለሙ ለአሸናፊነት እንደማይበቃ ነው። የሚፈለገው እሳቱን እንደ ልብ ለማዘዝ የሚያስችል ምድጃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የነዳጅ ቁጠባ ነው። ተራው የቆርቆሮ ምድጃ ግድግዳው ስስ ብረት ስለሆነ ከከሰሉ የሚወጣውን ሙቀት በጎኑ ያባክናል፤ ባጠገቡ የቆመውን ሰውም ያቃጥላል። ሸክላ ግን ሙቀትን በቀላሉ የማያሳልፍ በመሆኑ፣ ሙቀቱ በምድጃው ውስጥ ተይዞ ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ ምግቡ ያመራል። በአገራችን «ላቀች» በሚል ስም የታወቀው ምድጃ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተስፋፋው የሸክላ ልባጥ ምድጃ ጋር የሚዛመደው ይህ ምድጃ፣ በኢትዮጵያ መሠራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በሚገባ ከተሠራና በአግባቡ ከተያዘ፣ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የከሰልን ፍጆታ በሩብ ያህል ይቀንሳል።

በዚህ አሳብ የማይስማሙ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም። «የሲሊንደር ጋዝ ጢስ የለውም፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ አመድም አይተውም፤ ታዲያ ስለምን ከሰል እንመርጣለን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለወጥና ለሽሮ ከሆነ እኔም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ ባቄላና አተር ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ለረጅም ጊዜ የማይዋዥቅ እሳት ደግሞ የሚገኘው ከጋዝ ነው። ለሜዳ ጥብስ ግን ሁኔታው ይለያል። መከለያ የሌለው የጋዝ ነበልባል በነፋስ ይወላገዳል ወይም ይጠፋል። ሲሊንደሩ ከባድ ከመሆኑም በላይ በመንገድ ላይ ጥንቃቄ ይሻል። ካለቀም ጋዙን የሚሞላ ድርጅት በየገጠር ከተማው አይገኝም።

ከሰልን መምረጥ ግን ኃላፊነትን ያስከትላል። በባሕላዊው መንገድ እንጨትን በአፈር ቀብሮ በማክሰል አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አክሳዩ ችሎታ፣ ከ5 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እንጨት ይቃጠላል። በመሆኑም በሜዳ ላይ በከንቱ የሚነደው ከሰል የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የደንም ጉዳት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መዝኖ መያዝ፣ ጥብሱ እንዳለቀም የተረፈውን ፍም ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ አፍኖ በማጥፋት ለሌላ ቀን ማቆየት ይገባል። በየዕለቱ ለሚበስለው የቤት ምግብም ኤሌክትሪክ ያገኘ ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ቢጠቀም ይመረጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዝናብ መጣ ብሎ ምድጃን ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት፣ ወይም ለሙቀት ሲሉ ከፍም ጋር ዘግቶ መተኛት ሕይወትን ያሳጣል። ከዝናቡ መጠለል የሚገባው ሰውና ምግቡ ነው እንጂ እሳቱ አይደለም። በነጭ ጋዝ የሚጠቀምም ሰው እሳቱ ሳይጠፋና ምድጃው ሳይቀዘቅዝ ጋዝ መጨመር የለበትም። በማንኛውም የደጅ ማብሰያ አጠገብ ባልዲ ሙሉ አሸዋ መኖር አለበት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለዚህ ሥራ ሁነኛ መመሪያ ነው።

እንግዲህ የተሻለውን ምድጃ ለይቶ መግዛት እንዴት ይቻላል? ገዢው በመጀመሪያ የሸክላውን ልባጥ አገላብጦ ይመርምር፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ይተወው። ቀጥሎም የአየር መግቢያው በር ያለ ችግር የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ምክንያቱም የእሳቱ ልጓም ይህ በር ነው። ሦስተኛም ምድጃውን ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ አስቀምጦ አለመንገዳገዱን ይፈትን። በመጨረሻም ከውድድሩ ቀን በፊት ሁለት ምድጃዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በእያንዳንዳቸው አንድ ኪሎ ከሰል ያቀጣጥል፤ በእኩል ድስት ሁለት ሊትር ውሃ ያፍላ፤ ከዚያም የተረፈውን ከሰል አጥፍቶ ይመዝን። ሚዛን ከሻጭ ቃል ይልቅ ይታመናል።

በአጠቃላይ ጥሩ ምድጃ ማለት ከሚሠራበት ምግብ፣ ከሚውልበት ቦታና ከሚጠቀምበት ሰው አቅም ጋር የሚስማማ ነው። ለወጥ ጋዝን፣ ለቤት ኤሌክትሪክን፣ ለሜዳ ጥብስ ደግሞ በሸክላ የተለበጠውን የከሰል ምድጃ መምረጥ ከዚሁ መመዘኛ የተገኘ ፍርድ ነው። እኛም ከመግዛታችን በፊት «ምን ላበስልበት ነው? የት? ማን ጢሱን ይተነፍሳል? እንጨቱስ ከየት ይመጣል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ገንዘባችንን፣ ደናችንንና ሕይወታችንን ከጉዳት እናድናለን።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የተቃዋሚዎቹን አሳብ ያነሣው በየትኛው አንቀጽ ነው? ከአሳባቸው የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ለይታችሁ ጻፉ።
2. «የእሳቱ ልጓም ይህ በር ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ፍች በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. በአካባቢያችሁ የሚሠራበትን አንድ ምድጃ መርጣችሁ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን በማመዛዘን ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።