ሸክላውን አልኮል አታስነኩት!

ሰሞኑን ከመካነ ሰላምም ከደሴም «መምህር፣ የአያቴን ሸክላ ከቆጥ ላይ አገኘሁት፣ በምን ላጽዳው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር እየመጣልኝ ነው። ደስ ይላል። ተከትሎ የሚመጣው «በሳኒታይዘር ወልወል ባደርገውስ?» ግን ያስደነግጠኛል። እናም ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። እኛ ሁሉንም «ሸክላ» እንላለን እንጂ ነገሩ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ አምሃ ሪከርድስ ያሉት ከአውሮፓውያኑ 1969 ወዲህ ያሳተሟቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች ቪኒል፣ ማለትም ፕላስቲክ ናቸው። ከእነሱ በፊት የነበረው፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ከባዱ ሸክላ ግን የተሠራው ከሼላክ ነው። ሼላክ በህንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨፍልቆ ሸክላ ይሆናል።

አሁን ልብ በሉ፦ አናጢዎች ይህንኑ ሙጫ የቤት ዕቃ ለመቀባት ሲፈልጉ የሚያሟሙት በአልኮል ነው። ሳኒታይዘሩም፣ ሽቶውም፣ አረቄውም ሸክላችሁ ላይ የሚሠሩት ያንኑ ሥራ ነው። ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር ሲወጣ «እሰይ፣ ቆሻሻው ለቀቀ» ትላላችሁ። የለቀቀው ግን ራሱ ሸክላው፣ ድምፁ የተቀመጠበት መስመር ሊሆን ይችላል። አንዴ ከሟሟ አይመለስም።

እንዴት እንለየው? ሼላኩ ከበድ፣ ደረቅ ያለ ነው፤ ከወደቀ እንደ ምጣድ ይሰበራል። መሐሉ ያለው ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ 78 ይላል። ለመፈተን ብላችሁ ግን እንዳታጥፉት! ካልለያችሁት እንደ ሼላክ ቁጠሩት።

የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ አቧራ ሸክላን አይገድልም፤ የሚገድለው የቸኮለ እጅ ነው። በደረቁ ጀምሩ። በንጹሕ ለስላሳ ብሩሽ፣ መስመሩን ተከትላችሁ ዙሩ እንጂ አቋርጣችሁ አትፈትጉ። ደጋ ነንና የምድጃ ጢስ ተጣብቆበት አልለቅ ካለ፣ በተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ላይ አንዲት ጠብታ ለስላሳ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። ለስላሳ ጨርቅ አርጥባችሁ ቀስ ብላችሁ አብሱ፣ በንጹሑ የተጣራ ውሃ ደግማችሁ ሳሙናውን አውጡ፣ ወዲያው አድርቁ። አትዘፍዝፉት። መሐሉን ወረቀት ውሃ አይንካው። የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ውሃ አታቅርቡለት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ክልክል ነው፤ ይጣመማል። ስታነሡት ጠርዙን ይዛችሁ፣ ስታስቀምጡት እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ክረምት እርጥበት ከማይገባበት ቦታ። አንዱን ባንዱ ላይ መከመር ማስሰበር ነው።

ስለ መርፌም አንድ ነገር፦ የ45ቱ መርፌ ለ78ቱ ቀጭን ነው። የድሮው ግራማፎን የብረት መርፌ ደግሞ ለአንድ ፊት ብቻ ነው፤ ያለቀ መርፌ ሸክላውን ያርሰዋል። እንዲያው «ይሠራ ይሆን?» ብሎ ደጋግሞ ማዞር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የ78 መርፌ ያለው ሰው ፈልጋችሁ አንዴ በደንብ አስቀዱት፣ ከዚያ አሳርፉት።

«ለአሮጌ ዕቃ ይሄ ሁሉ?» ለምትሉኝ፦ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአውሮፓውያኑ 1908 በርሊን ላይ የተቀረጹትን ዛሬ የምንሰማው ሸክላውን ጠብቆ ያቆየ ሰው ስለነበረ ነው። አምባሰልና ባቲ ብለን ለቅኝት ስም ያበደርን የወሎ ልጆች፣ ቆጥ ላይ ያለውን ድምፅ በገዛ እጃችን ማሟሟት አያምርብንም። ለካፌ ግድግዳ ጌጥ ብሎ ምስማር መምታትማ አይነሣ!

ቤታችሁ ሸክላ ካለ መሐሉ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥታችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፣ አብረን እናንብበው። አልኮሉን ግን ለእጃችሁ። ለሚመለከተው ሰው ሼር አድርጉለት።