የሚገባው ውሃ ይቆጠራል፤ የሚወጣውስ?

በጋው ሲጋመስ የመስኖ ሪፖርት ይጎርፋል። ይህን ያህል ሄክታር ለማ፣ ይህን ያህል ፓምፕ ተሰራጨ፣ ይህን ያህል አርሶ አደር ተጠቃሚ ሆነ ይባላል። ሰብሉ ጠጥቶ የተረፈው ውሃ ወዴት እንደሄደ ግን እምብዛም አይነሳም። መስኖ ማለት ውሃ ማስገባት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ ላይኛው እቅድ ድረስ ሥር ሰዷል። ስህተት ነው፤ ዋጋውንም ገበሬው እየከፈለ ነው።

ዋጋው ስንት እንደሆነ መካከለኛው አዋሽ ይመሰክራል። በአሚባራ ሜዳ፣ በመልካ ሰዲና በመልካ ወረር አዋሽ ተጠልፎ ጥጥ በስፋት ለምቷል። ውሃው በቦይ እየገባ በቂ መውጫ ሲያጣ ወደ ታች ሰረገ። ርቆ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃም ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ከሰብሉ ሥር ደረሰ። የአፋር ፀሐይ ውሃውን ስትመጠው ጨው ብቻ በመሬቱ ላይ ነጥቶ ቀረ። ጥጥ ይለቀምበት ከነበረው ማሳ ከፊሉ ጠፍ ሆነ፤ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍም ወረሰው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር የመስኖ ውሃ ግማሽ ግራም ጨው ቢይዝ ምላስ እንኳ በቅጡ አይለየውም። ለአንድ ሄክታር በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ከተለቀቀ ግን 50 ኩንታል ጨው ማሳው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ተክሉ ውሃውን ጠጥቶ ጨውን ይተወዋል። አጥቦ የሚያወጣው ከሌለ የዘንድሮው በአምናው ላይ ይደረባል።

ደጋው ጨው ባያሰጋውም ከችግሩ አላመለጠም። በአገሪቱ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሆን የሚገመተው መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ የሰብሉም ሥር ይታፈናል። የጎጃም ገበሬ በማረሻ ፈሰስ ያወጣል፤ በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ደግሞ አፈሩን በእጅ እየከመሩ መደብ ያበጃሉ። ጥበቡ የቆየና የሚያኮራ ነው፤ አቅሙ ግን ከማሳው ወሰን አያልፍም። የላይኛው ገበሬ ፈሰስ የታችኛውን ማሳ ቦርቡሮ ሲሄድ ነገሩ ለሽማግሌ ይቀርባል። ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ውሃውን ተቀብሎ ወንዝ የሚያደርስ የጋራ ቦይ አይቆፍርም። ያ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንደ መንገድ፣ እንደ ድልድይ።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ገንዘቡ ውስን ስለሆነ ትርፍ ውሃ የሚያስወጣው ማጠንፈፊያ ቆይቶ፣ ውሃ ላላገኘው ይቅደም የሚል። አዛኝ ይመስላል። ጨው የበላውን መሬት መልሶ ለማልማት ግን ያው ማጠንፈፊያ መቆፈሩ አይቀርም፤ በዚያ ላይ ጨውን የሚያጥብ ተጨማሪ ውሃ ያስፈልጋል። እስከዚያ ገበሬው ምርቱን ያጣል። ስለዚህ ቆይቶ ይሠራ ማለት ሁለቴ እንክፈል ማለት ነው።

ሌላው መልስ ኃላፊነቱ የማኅበራቱ ነው የሚለው ነው። በእርግጥ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ለማኅበራቱ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል። የየማሳውን ቦይ መጥረግም ከአባላቱ አቅም በላይ አይደለም። በደለል የተሞላን ዋና ማጠንፈፊያ ግን አካፋና ዶማ ይዞ በዘመቻ መወጣት አይቻልም፤ ኤክስካቫተር፣ ቋሚ በጀትና ባለሙያ ይፈልጋል። ያልተሠራን ቦይማ ማን ይጠርጋል?

ግብፅ ማጠንፈፊያ የመንግሥት ሥራ መሆኑን የተማረችው በራሷ ማሳ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ መስኖ ሲለቀቅባቸው የቆዩት የናይል ዴልታ ማሳዎች ውሃ እየቋጠሩ ጨው ሲያወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ለማጠንፈፊያ ብቻ የሚሠራ የመንግሥት ባለሥልጣን አቋቋመች፤ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ሥርም መውጫ ቱቦ ዘረጋች።

ኢትዮጵያ የበጋ መስኖ ስንዴን ወደ ቆላ እያሰፋች ባለችበት ወቅት የአሚባራ ትምህርት ሊረሳ አይገባም። ማጠንፈፊያ በንድፉ ላይ የሌለው ፕሮጀክት መጽደቅ፣ መውጫው ያልተቆፈረ መስኖም መመረቅ የለበትም። ወረዳውም ከነገ ጀምሮ የሚሠራው ነገር አለ። በየመስኖ አውታሩ የተበሳ ቱቦ መሬት ውስጥ ቀብሮ የከርሰ ምድሩ ውሃ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ በገመድ መለካት፣ ቁጥሩንም ከለማው ሄክታር ጎን ጽፎ ለገበሬው በስብሰባ ማንበብ ይችላል። ውሃው ወደ ላይ እየተጠጋ ከሆነ የመጀመሪያው ጨው ሳይነጣ በፊት ይታወቃል።