ከጽሑፍ ጅራት ላይ የሚቆረጠው

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ቶሎ ከሚያውቃቸው ትእዛዞች አንዱ የጽሑፍን ጅራት የሚከረክመው ነው። ከፋይል የተነበበ መስመር በመጨረሻው ላይ ለዓይን የማይታይ የመስመር ማብቂያ ምልክት ይዞ ይመጣል፤ በዩኒክስ አንድ፣ በዊንዶውስ ሁለት። ይህን መጣል ማንንም አይጎዳም። ክርክራችን ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው።

የሙቀት መጠን ንባቦች 37.0፣ 21.0 እና 100.0 ተብለው ተመዝግበዋል እንበል። ተማሪው «.0» የሚለውን ጅራት ለማስወገድ ፈልጎ በፓይተን ቋንቋ አርስትሪፕ ለተባለው ትእዛዝ ሁለቱን ምልክቶች ይሰጠዋል። 37 እና 21 በትክክል ይወጣሉ። 100.0 ግን 1 ሆኖ ይቀራል! 0.0 ቢኖርማ ጨርሶ በጠፋ ነበር። ትእዛዙ ነጥብንና ዜሮን የሚመለከተው እንደ አንድ ቃል ሳይሆን በሒሳብ ትምህርት እንደምናውቀው ስብስብ ነው፤ ከቀኝ ተነሥቶ የስብስቡ አባል የሆነውን ሁሉ እየጣለ ይሄዳል፤ የሚቆመው አባል ያልሆነ ምልክት ሲያገኝ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩም ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ 1 ዲግሪ ሊሆን የሚችል ንባብ ነውና። ይህ ግራ መጋባት ስለተደጋገመ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.9 ሪሙቭሰፊክስ የተባለ፣ የተሰጠውን ጅራት እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያነሣ ትእዛዝ ጨመረ።

በእኛ አስተያየት ግን ከትእዛዙ ምርጫ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ያ ዜሮ ለምን ይነሣል? 100.0 ብሎ የጻፈ ሰው መሣሪያው እስከ ዲግሪ አሥረኛ ድረስ እንደሚለይ ነግሮናል፤ 100 ይህን አይነግረንም። በፊዚክስ ላቦራቶሪ ዜሮን ከሪፖርት ላይ የሚሰርዝ ተማሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ በፕሮግራም ሲሰርዘው ግን «ዳታ ማጽዳት» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ከሪፖርቱ ጋር ምን እንደተቆረጠ እንዲጻፍ፣ ያልተነካው ፋይልም አብሮ እንዲቀርብ መጠየቅ አለብን እንላለን።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ አራት ነጥብ (።) የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ብዙዎች ግን ሁለት ነጥብን ደግመው (፡፡) ይጽፉታል። ለቃል ቆጣሪ ፕሮግራም «ሰላም»፣ «ሰላም።» እና «ሰላም፡፡» ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዩኒኮድ ሁለት ነጥብን ከባዶ ቦታ ሳይሆን ከሥርዓተ ነጥብ ስለሚመድበው፣ ምንም ሳንነግረው ባዶ ቦታን ብቻ የሚከረክመው ትእዛዝ አይነካውም። ሁለቱን ምልክቶች እንደ ስብስብ መስጠት እዚህ ላይ የምንፈልገው ነው፤ ነጥቡ አንድም ይሁን ሁለት ይነሣል። ዓረፍተ ነገሮችንም መቁጠር የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ይቁጠራቸው።