ሱቅ ሲዛወር በካርታ ላይ ያለው ስሙም አብሮ ይዛወር

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ በፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ፥ ብዙ ዘመን በአንድ ደጃፍ የታወቁ መደብሮች ወደ ሌላ ሠፈር መዛወራቸውን አንባብያን ሁሉ የምታውቁት ነው። ስለ ኪራይ፥ ስለ ካሣና ስለ ዕቃ ማጓጓዝ ነጋዴው በተገናኘበት ሁሉ ሲነጋገር ቈይቷል። እኔ ግን ለማሳሰብ የምፈልገው፥ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ ሲታይ ገበያችንን ቀስ በቀስ የሚጐዳውን አንድ ነገር ነው። ይኸውም ሱቁ ከተዛወረ በኋላ በጉግል ካርታ ላይ የተመዘገበው ስሙ ባሮጌው ቦታ ተረስቶ መቅረቱ ነው።

ከተማችን በመንገድ ስምና በቤት ቍጥር የምትመራ አይደለችም። ደንበኛ ሲጠይቀን «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፥ ከመድኃኒት ቤቱ ጐን» እያልን መምራት ልማዳችን ነው። መድኃኒት ቤቱ በፈረሰ ጊዜ ግን ምልክቱም ስለ ጠፋ፥ ሰው መንገድ የሚጠይቀው በእጁ ያለውን ስልክ ሆኗል። ስልኩም የሚመልስለት እኛ ያስመዘገብነውን ብቻ ነው፤ ሳናርመው የቀረነውንም ቢሆን እንደ እውነት አድርጎ ይነግረዋል።

የምሠራበት መደብር የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያስመጣና የሚያከፋፍል ነው። ከፒያሳ ወደ ገርጂ በተዛወርን ጊዜ ዕቃውን በሁለት ቀን አጓጓዝን፤ የንግድ ፈቃዱን አድራሻ አስለወጥን፤ አዲስ ማኅተም አስቀረጽን፤ ታፔላውንም ሰቀልን። ካርታውን ያስታወሰ ግን አልነበረም፤ ጸሐፊ እንደ መሆኔ ከሁሉ በፊት ማስታወስ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ከደሴ የመጣ የቈየ ደንበኛችን ስልኩን ተከትሎ ቢሄድ የቈርቈሮ አጥር አገኘ። በካርታው ላይ የተጻፈው ቍጥር ባሮጌው ቤት የነበረው የመሥመር ስልክ ነበርና ቢደውልም የሚመልስለት አላገኘም። «ዘግተው ሄደዋል» ብሎ መርካቶ ገብቶ የሚፈልገውን ገዝቶ ተመለሰ። ይህን የነገረን ከብዙ ወራት በኋላ ባጋጣሚ ስንገናኝ ነው። ሳይነግሩን የቀሩት ስንት እንደ ሆኑ በምን እናውቃለን?

ለማረም ስንነሣ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠመን። ስሙን በካርታው ላይ ያስመዘገበው ከዓመታት በፊት በሱቁ ይሠራ የነበረ ወጣት ሲሆን፥ የመዘገበውም በገዛ ኢሜይሉ ነበር። ወጣቱ ሥራውን ለቅቆ ሄዷል፤ ይለፍ ቃሉንም የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የመጋዘኑ ቍልፍ በእጃችን ሲሆን የስማችን ቍልፍ በሰው እጅ ነበረ ማለት ነው። ጉግል ለዚህ ያዘጋጀው ሥርዓት አለ፤ የባለቤትነት ጥያቄ ይቀርባል፤ ቀድሞ የያዘው ሰው መልስ እንዲሰጥ ጥቂት ቀናት ይጠበቃል፤ መልስ ባይሰጥም ጠያቂው ባለቤትነቱን አረጋግጦ መረከብ የሚችልበት መንገድ አለ። እኛም በዚሁ መንገድ ተረከብን፤ ነገር ግን ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፥ ከመዛወር በፊት ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልመጣ ነበር።

በዚያ ጊዜ ብዙ ሰዎች «ምን አደከማችሁ፥ አሮጌውን ትታችሁ አዲስ ክፈቱ» ብለው መክረውን ነበር። ይህ ምክር ለእኔ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ደንበኞች በብዙ ዓመት የጻፉት ምስክርነትና የሰጡት ኮከብ ካሮጌው መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። ያው ድርጅት በዚያው ስም ቦታ ብቻ ሲለውጥ፥ በዚያው መዝገብ አድራሻውን ማረም ተገቢ ነው፤ ምስክርነቱም አብሮ ይዛወራል። አዲስ የከፈተ ሰው ግን እንደ ትናንት ጀማሪ ከባዶ ይነሣል፤ ያውም አንድ ስም በሁለት ቦታ እየታየ ደንበኛውን ያወዛግባል። ካሮጌው ላይ «እስከ መጨረሻው ተዘግቷል» ብሎ መጻፍማ በሕይወት ላለ ሰው መርዶ እንደ መንገር ያለ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሐሳብም ሰምቻለሁ። አንድ ነጋዴ ወዳጃችን፥ የፒያሳ ገበያ እንዳያመልጠው ምልክቱን ሆን ብሎ እዚያው ትቶታል። ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ ይገባኛል። ጉግል ፍለጋውን የሚያስቀድመው በሦስት ነገር እየመዘነ መሆኑን ራሱ ገልጿል፤ ዕቃው ከተጠየቀው ጋር መስማማቱን፥ ቦታው ከፈላጊው ያለውን ርቀትና የድርጅቱን ታዋቂነት ያያል። ስለዚህ ወደ ገርጂ የሄደ ሱቅ ፒያሳ ቆሞ ለሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ መቅረቱ አይቀርም፤ ይህን ኪሳራ በምንም ብልኀት ማስቀረት አይቻልም። ነገር ግን ሰውን ወደ አጥር መምራት ደንበኛ አያመጣም፤ የድርጅቱ ሠራተኛ በሌለበት ቦታ መመዝገብም በጉግል ደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ መዝገቡን እስከ መታገድ ሊያደርሰው ይችላል።

በእጃችን ያሉት እንግዲህ ሁለቱ ሚዛኖች ናቸው። ስለ ስምምነቱ፥ የሥራው ዓይነት «ሱቅ» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ» ተብሎ በትክክል ይጻፍ። ከስሙ ጋር «ርካሽ» ወይም «አንደኛ» የሚል ቃል መቀጠል ግን ክልክል ነው፤ ስሙ በታፔላው ላይ እንዳለው ይሁን። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ አጻጻፍ ይመረጥና በደረሰኙ፥ በፌስቡኩ፥ በቴሌግራሙና በደብዳቤው ራስ ላይ ያው ይሁን፤ አድራሻውና ስልኩም እንዲሁ። ስለ ታዋቂነቱ ደግሞ፥ በአዲሱ ሠፈር ዕቃ የገዛውን ሰው አስተያየቱን እንዲጽፍ በትሕትና መለመን ነውር የለበትም። ስለ አስተያየቱ ቅናሽ ወይም ስጦታ መስጠት ግን በደንቡም የተከለከለ ነው፥ ለነጋዴም ክብር አይሆንም።

አድራሻው ሲታረም ጉግል እንደ ገና ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜም አካባቢውን፥ ታፔላውንና የውስጡን ዕቃ የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲቀረጽ ያዛል። የመንገድ ስም በሌለበት በእኛ ሠፈር፥ አጠገብ ያለውን ባንክ ወይም የታወቀ ሕንፃ አብሮ ማንሣት ይረዳል። የካርታውንም ምልክት በጣት ጐትቶ በትክክል በደጃፉ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ለራሱ የተተወ እንደ ሆነ ከዋናው መንገድ ማዶ ሊያርፍ ይችላል።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች ሲሳሳቱ አይቻለሁና። ጐረቤታችን ሱቁን የሚከፍተው ከጧቱ 2 ሰዓት፥ የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ስለ ሆነ፥ ቍጥሮቹን እንዳሉ አስገባቸው። መሣሪያው ግን በፈረንጅ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ብሎ ተረዳው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ የፈለገው ሰው ሁሉ «ዝግ ነው» የሚል መልስ ሲያገኝ፥ ጐረቤታችን ሱቁን ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ገበያው ለምን እንደ ቀዘቀዘ ያዝን ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት 8፥ ከምሽቱ 12 ሰዓት 6 ተብሎ፥ የጧቱና የማታው ምልክት ተለይቶ መግባት አለበት።

ለንግድ ምክር ቤታችንም የማቀርበው አንድ ልመና አለኝ። አባሎች አድራሻ መለወጣቸውን ሲያስታውቁ በዚህ ጋዜጣ አንድ ዐምድ ተሰጥቶአቸው አዲሱ ቦታቸውና ስልካቸው ቢታተም፥ በክፍለ ሀገር ላሉ ደንበኞች ታላቅ ጥቅም ይሆናል። ካርታ ማረም የሚቸግራቸው ሽማግሌ ነጋዴዎችም አሉና፥ በሳምንት አንድ ቀን ይህን የሚያሳይ አንድ ወጣት በጽሕፈት ቤቱ ቢመደብ መልካም ነው። ወጣቱ ግን መዝገቡን በገዛ ኢሜይሉ እንዳይከፍት ከወዲሁ ይነገረው።