ስካነሩ ከመገዛቱ በፊት ትዕዛዙ ይጻፍ

የነጋዴ ዕቃ የሚጠፋው ሌባ መጋዘን ሰብሮ ሲገባ ብቻ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናው እየተራገፈ፣ ተረካቢው በአቅራቢው ሰነድ ላይ «ተረክቤያለሁ» ብሎ ሲፈርምም ይጠፋል። ጉድለቱ የሚታወቀው ምናልባት ሰኔ 30 በሚደረገው ቆጠራ ነው። ያን ጊዜ አቅራቢው የተፈረመለትን ወረቀት ያሳያል፤ ጥርጣሬው በመጋዘን ኃላፊው ላይ ያርፋል፤ ኪሣራው ግን የባለንብረቱ ነው።

ለዚህ ችግር መድኃኒት ተብሎ የሚቀርበው የባርኮድ ስካነር ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ ውስጥ በሚገኝ ሱፐርማርኬት አንድ ፓኬት ማስቲካ በባርኮድ ከተሸጠ ወዲህ ቴክኖሎጂው ዓለምን አዳርሷል። ዛሬ የእጅ ስልክም ባርኮድ ያነባል።

ይሁን እንጂ በሸቀጥ ላይ የምናየው ባለ 13 አኃዝ ቁጥር የሚናገረው ዕቃው ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ስንት እንደታዘዘና በምን ዋጋ እንደተስማማን አያውቅም። ያን የሚያውቀው የግዥ ትዕዛዙ ነው። ትዕዛዙ በስልክ ወይም በደላላ አፍ ተላልፎ የቀረ ከሆነ ስካነሩ ከምን ጋር ያመሳክራል? ከአቅራቢው ኢንቮይስ ጋር ከሆነ፣ የአቅራቢውን ቃል በራሱ በአቅራቢው ቃል ማረጋገጥ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። አንድ አስመጪ ባለ 24 ፍሬ 200 ካርቶን፣ ማለትም 4,800 ፍሬ አዘዘ እንበል። 200 ካርቶን ደረሰው፤ ነገር ግን 15ቱ ባለ 20 ፍሬ ናቸው። ጉድለቱ 60 ፍሬ ነው። ተረካቢው አንዱን ካርቶን ብቻ አስነብቦ «200» ብሎ ቢጽፍ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። በዓለም አቀፉ አሠራር ግን የፍሬው ብዛት የተለየ ካርቶን የተለየ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ የታዘዘው ካርቶን ቁጥር አስቀድሞ ተመዝግቦ እያንዳንዱ ካርቶን ቢነበብ ኖሮ፣ 15ቱ ከትዕዛዙ ውጭ መሆናቸው መኪናው ሳይሄድ ይታወቅ ነበር። ያም ሆኖ ስካነር የካርቶኑን ፊት እንጂ ሆዱን አያይም፤ ጥቂቱን ከፍቶ መቁጠር አይቀርም።

«የእኛ ገበያ በመተማመን የቆመ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን በር ላይ የተገኘ ጉድለት በዕለቱ ይታረማል፤ ከወራት በኋላ የተገኘ ግን ደንበኛን ከደንበኛ ያቀያይማል። ቆጠራ መተማመንን ይጠብቃል እንጂ አያፈርስም።

ስለዚህ የንግዱ ኅብረተሰብ ለመሣሪያው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት አሠራሩን ያስተካክል። ትዕዛዙ ዕቃው ሳይደርስ ይመዝገብ። ተረካቢው የታዘዘውን ብዛት ሳያይ ይቁጠር፤ ካየው ቁጥሩን ወደዚያው ይጎትተዋልና። ያዘዘው፣ የተረከበውና የሚከፍለው ሰው በተቻለ መጠን የተለያየ ይሁን። ጉድለት ካለ ከፊርማ በፊት በሰነዱ ላይ ይጻፍ። ትዕዛዙ፣ የገቢ ደረሰኙና ኢንቮይሱ ሳይገናኙ ቼክ አይፈረም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ይህን በደብተርና በእስክሪብቶ መጀመር ይቻላል። ይህ ሲለመድ ስካነሩ ሥራውን ያፋጥናል፤ ካልተለመደ ግን ስህተቱን ነው የሚያፋጥነው።