ስለ አሮጌ ጊታር መታደስ

ልጆች ሆይ፤ ጊታር የሚባለውን የዜማ መሣሪያ ያላየ ከእናንተ መካከል ጥቂት ነው። አንገቱ ረጅም ነው፤ ብዙውን ጊዜም ስድስት አውታር አለው። የእኛ ክራር ቆዳ በለበሰው ገበቴው ድምፁን ያጐላል፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ግን ገላው አብዛኛውን ጊዜ ድፍን እንጨት ስለ ሆነ ብቻውን ሲመታ ድምፁ ትንሽ ነው። ከአውታሩ በታች ማግኔት አለ፤ በማግኔቱም ዙሪያ እንደ ጠጕር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረቱ አውታር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ይነሣል፤ እርሱም በገመድ ሄዶ በድምፅ ማጉያው ይሰማል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አሮጌ ጊታር በአንድ ቤት ውስጥ ከቁም ሣጥን በላይ ተጥሎ ይገኛል እንበል። ቀለሙ ተልጧል፤ አውታሩም ዝጓል። ትንሹ ልጅ አይቶ «ለእኔ ይሁን» ይላል። አባቱ ወይም አጎቱ ደስ ይለዋል፤ ወዲያውም ቀለም ገዝቶ፥ አሮጌውን ፍቆ፥ አዲሱን ቀብቶ፥ እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ይሰጠዋል። ልጁም በደስታ ይዘላል። ከአንድ ወር በኋላ ግን ጊታሩ ተመልሶ ከቁም ሣጥኑ በላይ ይወጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አውታሩ ብዙ ዘመን ስቦት አንገቱ ጐብጧል፤ ስለዚህ አውታሩ ከአንገቱ እጅግ ርቆ ቆሟል። ልጁ በለስላሳ ጣቱ ወደ ታች ሲጫነው ጣቱን ያመዋል። መቃኛዎቹም ላልተዋልና ጧት የተቃኘው ለማታ ይፈርሳል። ልጁ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው እንደ ሆነ አያውቅም። ጊታሩ አዲስ ይመስላልና «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ለዜማ አልተፈጠርሁም» ይላል። ይህ ነገር እጅግ ያሳዝነኛል። በዘጠኝ ዓመቱ ይህን ስለ ራሱ ያመነ ልጅ እስኪሸብት ድረስ ሊያምነው ይችላልና።

ስለዚህ የእኔ አሳብ አስቀድሞ አንገቱ፥ ኋላ ቀለሙ ነው። በብዙ ጊታሮች አንገት ውስጥ የብረት ዘንግ አለ፤ የሚያውቅ ሰው በመፍቻ ጥቂት በጥቂት ሲያዞረው አንገቱ ይቃናል። አውታሩም ወደ አንገቱ ይቀርባል። ይህ ሥራ ለዓይን አይታይም፤ ሰጪ የሆነ ሰው ደግሞ ስጦታው እንዲታይለት ይወዳልና ብዙዎች ይተዉታል።

አንዳንድ ሰዎች «ለልጅ ምን ይሆናል፤ እስኪያድግ በዚሁ ይጫወት» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመሣሪያ የሠለጠነ ሰው የመሣሪያውን ጉድለት በጥበቡ ይሸፍነዋል፤ ጀማሪ ግን በምን ይሸፍነዋል? ቁም ጽሕፈት የሚማር ልጅ የደነዘዘ የመቃ ብዕር ይዞ ፊደሉ ቢበላሽበት፥ መምህሩ ብዕሩን ሳይቀርጽለት ልጁን ቢቈጣው፥ ጥፋቱ የማን ነው? በአሜሪካ አገር የፌንደር ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. ለተማሪዎች አስቦ አጠር ያሉ ጊታሮች አወጣ። በሌሎቹ ጊታሮቹ ላይ የሚደረደረው አውታር 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ የእነዚህ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። አሮጌው ጊታር ለልጁ ክንድ እጅግ የረዘመ እንደ ሆነ፥ ሁለት ዓመት ቢቆይለት ይሻላል።

ሁለተኛው አሳቤ፥ ልጁ ከሥራው እንዳይለይ ነው። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ብራያን ሜይ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ከአባቱ ከሃሮልድ ጋራ ጊታር መሥራት ጀመረ፤ ከሱቅ ለመግዛት ገንዘቡ አልበቃቸውምና። አንገቱን ከአሮጌ የእሳት ምድጃ ከተወሰደ ጣውላ ጠረቡት፤ ነቀዝ የበሳውንም ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑት። በአንገቱ ላይ ያሉትን ነጫጭ ምልክቶች ከዛጎል ከተሠሩ የልብስ ቍልፎች አበጁ። ሁለት ሞላዎችም ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወሰዱ። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ብራያንም ኋላ ኩዊን ከሚባሉት ሙዚቀኞች ጋራ ሆኖ በዚያ ጊታር በዓለም ሁሉ ተጫወተ። ጊታሩ በ1998 ዓ.ም. ታደሰ፤ በ2002 ዓ.ም. የንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ የ50 ዓመት በዓል ሲከበር፥ ብራያን በቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ ቆሞ በዚያው ጊታር የአገሩን መዝሙር ተጫወተ። (ዜማ ከትምህርት ያስቀራል ለሚሉም ይህን ልጨምር፤ ይኸው ሰው በ2007 ዓ.ም. በከዋክብት ምርምር የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብሏል።)

ሁሉ ልጅ እንዲህ ይሥራ አልልም። ነገር ግን እንጨቱን በገዛ እጁ ያለሰለሰ ልጅ ጊታሩን መሬት ላይ ጥሎት አይሄድም፤ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ ያውቃልና ሲላላም አይደነግጥም።

ሥራው ግን መከፈል አለበት። በቀድሞ ዘመን በአንዳንድ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዘኛ ብረት ይገባ ነበር፤ ብናኙም ለልጅ ክፉ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቀለም የሚያነሣ ትልቁ ሰው ይሁን፤ እርሱም በደጅ፥ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፥ የብርጭቆ ወረቀቱን በውኃ እያራሰ ይሥራ። ማግኔቶቹና ሽቦዎቹ አስቀድመው ይውጡ። ድስት በሚፈተግበት የብረት ሽቦ ማለስለስም አይገባም፤ ብናኙ በማግኔቱ ላይ ይጣበቃልና። ቀለሙ ተነሥቶ፥ ብናኙም ተጠርጎ ራቁት እንጨት ሲቀር፥ ያን ጊዜ ልጁ አፍንጫውን ሸፍኖ ተራውን ይውሰድ። ብራና ሲፋቅ ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ የቸኰለ ፋቂ ቆዳውን ይበሳል፤ የቸኰለ ልጅም የጊታሩን ጠርዝ ይበላዋል። ወረቀቱን በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ እንጂ በአግድም እንዳይስበው ይነገረው።

ከሁሉ የሚከብደው መጠበቅ ነው። ቫርኒሹ በስሱ ይቀባል፤ ይደርቃል፤ ደግሞ ይቀባል። ለእጅ የደረቀ ሲመስል ውስጡ ገና ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ ዓይነት ፈጽሞ እስኪጠነክር ብዙ ሳምንት ይፈልጋል። ልጁ በየቀኑ እየመጣ በጣቱ ሊነካው ይፈልጋል። ስለዚህ በክር አሥረው ከፍ አድርገው ይስቀሉት።

ስለ ቀለሙ መልክ፥ እኔስ የእንጨቱ ጅማት ሲታይ ደስ ይለኛል፤ ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብቻ ቢቀባ እመርጣለሁ። ነገር ግን የሚጫወትበት እኔ አይደለሁም። ልጁ እንደ በርበሬ የቀላ ይሁን ቢል፥ እንደ በርበሬ የቀላ ይሁን። ብቻ ቀለሙን ለመግዛት ወደ ገበያ ሲሄዱ፥ አዲስ ስድስት አውታር፥ ከቀጭኑ ዓይነት፥ አብረው ይግዙ።