«ወዴት ነው የሚወስዱን?»

እኔ የአሊዩ አምባ ልጅ ነኝ፤ ቆላ ነው ያደግኩት። ሽቅብ አንኮበርን አልፌ ደብረ ብርሃን ስገባ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይዘልቃል። ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ለክፍል ሥራ እዚያው ከተማ አንድ የተፈናቃዮች መጠለያ ሄድን። ከወለጋ የመጡ አንዲት እናት ከሌሎች ቤተሰቦች በአንሶላ ተከልለው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ጋዜጠኞች ናችሁ አሉ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ወዴት ነው የሚወስዱን?» አሉኝ።

«ተማሪ ነኝ እኮ፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ስማቸው ተመዝግቧል፤ የት እንደሚሄዱ ግን የነገራቸው የለም።

መጠለያዎቹ መጨናነቃቸውን የሚክድ የለም። ደብረ ብርሃን በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የሸሹትንም፣ ከወለጋ የተፈናቀሉትንም ተቀብላለች። «እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት» እንዲሉ ከተማዋም ይደክማታል። ስለዚህ ሰዎቹን ከጭንቅንቁ ማውጣት ተገቢ ነው። የኔ ጥያቄ «እንዴት?» የሚል ነው።

አገራችን በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት ለተፈናቃዩ ሦስት መንገድ ይሰጠዋል፦ ወደ ቀዬው መመለስ፣ ባለበት መኖር ወይም ሌላ ቦታ መስፈር። ምርጫውም አውቆና ፈቅዶ የሚያደርገው መሆን አለበት። በ2016 ዓ.ም. ብዙዎች ወደ ወለጋ ተመልሰዋል። ከእነሱ መካከል ግን ለሕይወታቸው ሰግተው ዳግም ደብረ ብርሃን የመጡ እንዳሉ በዜና ሰምተናል። ሁለቴ መፈናቀል ማለት ይሄ ነው!

አንዳንዱ «ተረጂ ሆኖ ከመኖር የትም ይሻላል» ይላል። ነገር ግን ገበሬ ያለ መሬት፣ ያለ በሬ፣ ያለ ዘር ቢሄድ መጠለያ ቀየረ እንጂ ተቋቋመ አይባልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? መኪናው ከመነሳቱ በፊት ተፈናቃዮቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ ቦታውን ሄደው ይዩት። መሬቱን፣ ውኃውን፣ ጸጥታውን አይተው ለቀሩት ይንገሩ። «አልሄድም» ያለም ራሽኑ አይቋረጥበት። እኛም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች የመኪናውን መነሳት ብቻ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ያለውን ኑሮ እንዘግብ።

አሊዩ አምባ እኮ ድሮ የሲራራ ነጋዴ ገበያ ነበረች፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው ይገናኝባት ነበር። ነጋዴ እንኳ ጭነቱን ከማንሳቱ በፊት መንገዱን ይጠይቃል። ልጆቿን ያዘለች እናት ብትጠይቅ ምኑ ያስገርማል?

ቸር ይግጠመን!